የሰሚራ «ሰው ጥራ»

የሰሚራን ሞት የሰማሁት ግማሽ ጢሜ ተላጭቶ ግማሹ ሳይላጭ ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለው ፀጉር አስተካካዬ የግራ ጉንጬን ጨርሶ ወደ ቀኙ ሊዞር ሲል ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ ከቢሮ ተረኛ ሆኖ የታማሚ ጥሪ የሚቀበለው ጀማል ነበር። «ጋሽ ሽፈራው፣ ሰሚራ…» አለና የሚቀጥለው ቃል ጠፋው። እንዲህ ያለ ዝምታ አይጠፋኝም፤ በዚህ ዕድሜዬ ከሚደርሰኝ ወሬ ግማሹ በዚህ ዝምታ ነው የሚጀምረው። ፎጣውን ከአንገቴ ገፍፌ ተነሣሁ። ፀጉር አስተካካዩ ከኋላዬ «ጋሼ፣ ቀኙስ?» ይላል። «ይቆይ፣ የትም አይሄድም» አልኩት መሰለኝ።

የሙስሊም ቀብር ቀን አይቆጥርም። ሳቢያን ሰፈር፣ ቤቷ ስደርስ ጀናዛው ሊወጣ ሰው ተሰብስቧል። ግማሽ ፊቱ እንደ ሙሽራ የጠራ፣ ግማሹ የፍየል ጀርባ የመሰለ ሽማግሌ መሃላቸው ሲቆም አንድም ሰው አልሳቀም። እኔን ነው የገረመኝ፤ ድሬ ውስጥ በእኔ ሳይሳቅ የዋለበትን ቀን አላስታውስም። ዋናዋ ሳቂ ቃሬዛው ላይ ነበረች። አንድ የማላውቃቸው ሰው ክንዴን ያዝ አድርገው «አብሽር አባባ፣ አብሽር» አሉኝ። እሷ ብትኖር «አካኮ፣ ፊትህን ሲሠሩት መሃል ላይ መብራት ሄደባቸው?» ነበር የምትለኝ።

«አካኮ» በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ሰሚራ ስትቆጣ በኦሮምኛ፣ ስትገረም በሶማልኛ፣ ስትጽፍ በአማርኛ ነበረች። አባቷ ሐረሪ፣ እናቷ አዴ ፋጡማ ኦሮሞ ናቸው። ዕድሜዋ ወደ አርባ ሲጠጋ ነው ያወቅኋት። አዲስ አበባ ተምራ፣ እዚያው በኮምፒውተር ሥራ ስሟ ከተጠራ በኋላ ነው ወደ ድሬ የተመለሰችው። ለምን ተመለስሽ ሲሏት «አዲስ አበባ ዳገት ይበዛዋል» ትላለች። ቀልድ ይመስለን ነበር።

የተዋወቅነው በስድብ ነው። እኛ የባቡሩ ጡረተኞች ከዚራ ዛፍ ሥር ካርታ እንጫወታለን። የድሮው ባቡር ከቆመ ወዲህ እኛም እዚያው ቆመናል። አንድ ቀን ረጅም ሴት ቀይ ጫማ አድርጋ፣ በረዶ እየቆረጠመች መጥታ ከፊታችን ቆመች። በረዶ ስል ከጭማቂ ቤት በብርጭቆ የሚሰጠውን ነው፤ እንደ ቆሎ ነበር የምትበላው።

«አሰላሙ አለይኩም። ከእናንተ መሃል ነገር ቶሎ የማይገባው፣ ሳይገባው ደግሞ ገብቶኛል ብሎ የማይዋሽ ማነው?»

ካርታ የያዘ እጅ ሁሉ ወደ እኔ ተቀሰረ። የራሴ የጨዋታ አጋር ጭምር! «እሱ ነው፣ ወላሂ እሱ ነው» አለ ከሁሉም ቀድሞ።

«ግትር ነው?»

«ባቡር ነው። ከሐዲዱ አይወጣም።»

«አቦ፣ እሱን ነው የምፈልገው» አለች። «ተነሥ አካኮ፣ ሥራ አገኘህ።»

እንዲህ አድርጋ በድድብናዬ ቀጠረችኝ። ትኬት ቆራጭ ሆኜ ስሠራ በጉብዝናዬ ማንም አልቀጠረኝምና ቅር አላለኝም።

ቢሮው ሳቢያን ውስጥ ነው። በስልክ ለሚደውል ታማሚና ነፍሰ ጡር ባጃጅ ወይም አምቡላንስ ልኮ ሐኪም ቤት ያደርሳል። ድሮ ስልኩን የሚያነሣው ሰው ነበር፤ አሁን መጀመሪያ የሚያነሣው ማሽን ነው። «ረዳቱ» ይሉታል። ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ያስባልም ይላሉ። በማሰቡ ላይ አስተያየት አልሰጥም፤ በራሴም ማሰብ ላይ አልሰጥም። ረዳቱ ግን እጅ የለውም። እጅ እንዲሆኑት መሣሪያዎች ይሰጡታል፦ አንዱ ባጃጅ ይልካል፣ አንዱ የተላከው የት እንደደረሰ ያያል፣ አንዱ ለሐኪም ቤቱ ይነግራል፣ አንዱ የተላከውን ይሰርዛል። ታዲያ ማሽኑ ስለ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚያውቀው ከጎኑ የተጻፈለትን ጥቂት መስመር ብቻ ነው። መስመሮቹ ድፍንፍን ካሉ፣ የቱንም ያህል ብልህ ማሽን ቢሆን የተሳሳተውን መሣሪያ ያነሣል። እነዚያን መስመሮች የምትጽፈው ሰሚራ ናት። የምትሞክራቸው ደግሞ በእኔ ላይ ነው።

አሠራሯ እንዲህ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙራ ታስቀምጠኛለች። መጀመሪያ ፊት ለፊት ነበርን፤ ኋላ ግን እንደ ካርታ ተጫዋች ግንባሯን እያየሁ መልሱን እንደምሰርቅ ነቃችብኝ። የመሣሪያዎቹ ጽሑፍ በየወረቀቱ ታትሞ ጭኔ ላይ ይቀመጣል። እሷ ከኋላዬ የደዋይ ድምፅ ታሰማኛለች፤ እኔ ከወረቀቱ መሃል የትኛውን መሣሪያ እንደማነሣ እነግራታለሁ። መጠየቅ ክልክል ነው። «ይሄ እኮ የታወቀ ነው» ማለትም ክልክል ነው።

«አንተ አሁን ሽፈራው አይደለህም፤ ማሽኑ ነህ። ማሽኑ ቀፊራ ገበያን አያውቅም። ፀሐይ አያውቅም። ወረቀቱ ያላለህን አታውቅም።»

«አለማወቅ ከሆነ ችግር የለም» አልኳት።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰውዬ «ሚስቴ ምጥ ይዟታል፣ ባጃጅ ልከናል ካላችሁ ቆያችሁ፣ የታለ?» ሲል ሰማሁ። ወረቀቶቼን አገላበጥኩ። አንዱ «ባጃጅ ይመድባል» ይላል፣ ሌላው «የባጃጅ አገልግሎት ይሰጣል»። የመጀመሪያውን አነሣሁ። ለካ እሱ ሌላ አዲስ ባጃጅ የሚልከው ነው፣ የተላከውን የሚያየው ሁለተኛው ነው፤ አንዲት ሴት ቤት ሁለት ባጃጅ ይቆማል፣ ሌላዋ ያለ ምንም ትቀራለች። ስድቤን ለመቀበል አንገቴን ሰበር አድርጌ ጠበቅሁ። ከኋላዬ የበረዶው መቆርጠም ብቻ ይሰማል።

«ልክ ነህ» አለች በመጨረሻ። «ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ይመስላሉ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

በሕይወቴ ተሳስቼ «ልክ ነህ» ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ልክ ስሆንም ብላኝ አታውቅም።

ወዲያው ተቀምጣ ጻፈችው፦ «ይህ መሣሪያ አዲስ ባጃጅ ይልካል። ለዚሁ ሰው አስቀድሞ የተላከ ካለ አትጠቀምበት፤ በመጀመሪያ የተላከው የት እንደደረሰ እይ።» በማግስቱ ያንኑ ሰውዬ አሰማችኝ፤ ወረቀቱ እጄን ይዞ ወሰደኝ። «ምን እንደሚሠራማ ማንም ይጽፋል» አለች። «መቼ እንዳይነኩት ነው ጭንቁ። ሱቅህን ለእንግዳ ጥለህ ብትሄድ፣ ስኳሩ የት እንዳለ ብቻ ነግረኸው ነው የምትሄደው? የትኛው ጣሳ የአይጥ መድኃኒት እንዳለበት አትነግረውም?»

ከቃላት ሁሉ አብዝታ የምትጠላው «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለውን ነው። እኔ ዕድሜዬን በመሥሪያ ቤት የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ ይህ ሐረግ ከደሜ ጋር ይዞራል። አንድ ቀን ረቂቅ እንድሞክር ብትፈቅድልኝ በመጀመሪያው መስመር ላይ ዱብ አደረግኩት።

«አካኮ፣ ‹እንደ አስፈላጊነቱ› ማለት ምን ማለት ነው?»

«ያው… ሲያስፈልግ።»

«መቼ ነው የሚያስፈልገው?»

«እንደ ሁኔታው ነዋ።»

«የትኛው ሁኔታ?»

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«አየህ? ‹አላውቅም› ማለት ነው። ‹አላውቅም› ብለህ ጻፈው፤ ቢያንስ ማሽኑ አለማወቅህን ያውቃል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ሐረግ የጻፈ ለቢሮው በሙሉ ሳምቡሳ እንዲገዛ ፈረደች። ቢሮው በእኔ ሳምቡሳ ወፈረ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሁላችንም አብረን ተያዝን። ድሬን ለሁለት የሚከፍላት ደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው እንደ መንገድ ያቋርጠዋል። የድሬ ልጅ ግን ደንገጎ ተራራ ላይ ደመና ካየ፣ ከተማው ውስጥ ፀሐይ ቢነድም አሸዋው ላይ አይወርድም፤ ጎርፉ አንዲት ጠብታ እዚህ ሳትወርድ ከላይ ይመጣል። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ስለዚህም አልጻፍነውም። ማሽኑ ለአንድ እንግዳ ሹፌር «አቋራጩ በአሸዋው ነው» ብሎ ነገረው። ሰውዬው ዘሎ ወጥቶ ተረፈ፤ ባጃጁን ጎርፍ ወሰደው፤ ከወዲያ ማዶ የምትጠብቀው ሴት ጎረቤት ቤት ወለደች።

ሰሚራ ያን ቀን በረዶ አልቆረጠመችም። «ሁላችንም ስለምናውቀው ማናችንም አልጻፍነውም» አለችና ጭንቅላቷን ያዘች። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሥራ ጨመረችልኝ። ሰፈር ለሰፈር ይዛኝ ትዞርና «ማንም የማይነግርህን ንገረኝ» ትለኛለች። ቀፊራ በገበያ ሰዓት ባጃጅ እንደማያስገባ፣ ከምሳ በኋላ ሰው በጫት በርጫ ላይ ስለሚሆን ሹፌር ማግኘት እንደሚከብድ፣ ቤት በቁጥር ሳይሆን «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» ተብሎ እንደሚጠራ። እኔ እለፈልፋለሁ፣ እሷ ስልኳ ላይ ትጽፋለች። እየሄድን ድንገት ትቆማለች። «ትንሽ ነፋስ ልውሰድ» ትላለች፣ ግድግዳ ተደግፋ። ከእኔ ከሽማግሌው ቀድማ ደከመች ብዬ እኮራ ነበር፤ እስቲ ይታያችሁ፣ እንዲህ ነኝ እኔ።

ነገሩን የነገረችኝ አንድ ቀን እዚያው ግድግዳ ሥር ነው። በልጅነቷ የጉሮሮ ሕመም ችላ ተብሎ ወደ ልቧ ወርዶ ነበር። «የልቤ በር በደንብ አይገጥምም» አለችኝ፣ ስለ ጎረቤት በር እንደምታወራ። «እና ቀይ ጫማው?» አልኳት፤ የምለው ቢጠፋኝ። «ልቤን የሚያየው ሐኪም ብቻ ነው፤ ጫማዬን ግን ድሬ በሙሉ ያየዋል።»

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከሐርላ መንደር በኩል አንዲት እናት ደወሉ። ሰሚራ ድምፃቸውን አሰማችኝ፤ ያን ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳ አላዞረችውም። እናትየዋ እንዲህ ይላሉ፦ «አሰላሙ አለይኩም። ደህና ዋላችሁ? አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ልጆች ደህና ናቸው? ሥራ እንዴት ነው?» ረዳቱም ጨዋ ነው፤ አንድ በአንድ ይመልሳል። «ቀኝ እጄ ትንሽ ከብዶኝ ነው። ኸይር ነው፣ አታስቡ። በሉ ደህና ዋሉ።» አለቀ። ማሽኑ «ደዋይዋ ደህና መሆናቸውን ገልጸዋል» ብሎ መዘገበ። ሲመሻሽ ጎረቤት በጋሪ አመጣቸው። ተረፉ፤ ቀኝ ጎናቸው ግን አልተመለሰም።

«ማነው ያጠፋው?» አለችኝ።

«ማሽኑ ነዋ! እጄ ከበደኝ እያሉት!»

«ማሽኑ ደህና ነኝ አሉት፣ አመናቸው። እዚህ አገር ሰው ቤቱ እየነደደ እንኳን ቢደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው የአንተን ልጆች ጤና እንደሆነ የነገረው አለ? አንተ ነግረኸዋል? እኔ ነግሬዋለሁ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሰው ጥራ» የሚባለውን መሣሪያ ይዛ ተቀመጠች። ይህ መሣሪያ ማሽኑ «ይሄ ከእኔ በላይ ነው» ብሎ ጥሪውን እንደ ጀማል ላለ ተረኛ የሚያስተላልፍበት ነው። ስንቴ ጽፋ ስንቴ እንደቀደደችው አላውቅም። እኔን ግድግዳዬ ላይ አስቀምጣ የሰው ድምፅ በላይ በላዩ ታሰማኛለች፤ የሚያስሉ፣ የሚስቁ፣ «ምንም አይደል» የሚሉ። በመጨረሻ የወጣው ይህ ነው፦

«ሰው ጥራ። ይህ መሣሪያ ጥሪውን ለተረኛ ሠራተኛ ያስተላልፋል። ደዋዩ ‹ደህና ነኝ› ማለቱ ሰላምታ ነው፤ ስለ ጤናው የተሰጠ መልስ አድርገህ አትቁጠረው። ሰላምታው እስኪያልቅ ጠብቅ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ስማ። ‹ትንሽ ደከመኝ፣ ትንሽ ከበደኝ፣ ትንሽ ነፋስ አጠረኝ› ካለ ጥራ፤ ‹ትንሽ› ማለቱ ትንሽ ነው ማለት አይደለም። በቃላቱ መሃል የሚያርፍ ከሆነ ጥራ። ሳትጠይቀው ‹አታስቡ› ካለህ ጥራ። ብቻውን ከሆነ ጥራ። ከተጠራጠርክ ጥራ። ሠራተኛ በከንቱ ቢጠራ ይቆጣል፤ ቁጣው ምሳ ሳይደርስ ያልፋል።»

አንብቤ ስጨርስ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው እንዳዞርኩ፣ «ይቺን ደዋይ የማውቃት መሰለኝ» አልኳት። «ነፋስ ትወስዳለች፣ ግድግዳ ትደገፋለች።»

«ማሽን ወሬ አያበዛም» አለችኝ። በረዶዋን ቆረጠመች።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ዮናስ ይባላል። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሁሉንም «እርስዎ» የሚል ጨዋ ሰው ነው፤ ድሬ ደግሞ «እርስዎ» ብዙም አይገባትም። ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን ጽሑፉ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ የተረኞቹ ስልክ ማረፍ አቃተው፤ ድሬ ውስጥ «ትንሽ» የማይል ማን አለ? አንዷ ተረኛ ጥላ ሄደች። ጀማል በሁለት ጆሮው እያወራ ምሳውን ይበላል።

«ሰሚራ፣ ይሄ እኮ የመሣሪያ መግለጫ ሳይሆን ስብከት ሆነ» አላት አቶ ዮናስ። «ከሚተላለፉት ውስጥ ብዙዎቹ ምንም የላቸውም።»

«የትኞቹ ምንም እንደሌላቸው ሳያነጋግር የሚያውቅ ካለ አምጣልኝ። ማሽኑን አባርሬ እሱን እቀጥራለሁ።»

«ሠራተኞቹስ? እነሱም ሰዎች ናቸው።»

«ናቸው። ሰው ጨምርላቸው፤ ቃል አትቀንስ።»

አቶ ዮናስ ሙቀቱ እስኪበርድ ይቆይና እናሳጥረዋለን አለ። እሷም ነገሩ እንዳላለቀለት ገባት። ያን ቀን ወደ ታክሲ ስሸኛት ደጋግማ ቆመች። «አካኮ፣ እኔ ባልኖር ይቺን ጽሑፍ እንዳያሳጥሯት» አለችኝ።

«ምን ትላለች ይቺ! ቀዳሚው ተሳፋሪ እኔ ነኝ። ትኬቴን ከቆረጥኩ ስንት ዘመኔ።»

«ባቡራችሁ መቼ በተራው ሄዶ ያውቃል?» አለችና ሳቀች። ከዚያ መሳቁ ራሱ አደከማትና ክንዴን ያዘች። ቀላል ነበረች፤ ወፍ ያረፈችብኝ ነው የመሰለኝ።

እኔ ሐዋርያ አይደለሁም፤ አደራ ተቀብዬ የማውቀው የሰው ሻንጣ ነው። እሱንም አልፎ አልፎ ለሌላ ሰው እሰጥ ነበር። ይቺን አደራ ግን ከእነ ፍርሃቴ ይዣት ገባሁ።

የሆነው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። አዴ ፋጡማ ቀፊራ ሄደው ሰሚራ ቤት ብቻዋን ነበረች። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ለጀማልም ለእኔም አልደወለችም፤ እንደ ማንኛውም ታማሚ የአገልግሎቱን ቁጥር ደወለች። ማሽኑ ጀማልን ጠራ፣ ጀማል ባጃጅ ላከ፣ ሹፌሩ በሩ ሥር ወድቃ አግኝቷት ሐኪም ቤት አደረሳት። እናቷ ደረሱላት። እስከ ማግስቱ ጠዋት አብረው ነበሩ። ምን አወራችሁ ብዬ አዴ ፋጡማን ስጠይቃቸው «ስለ ጫማ» አሉኝ፣ እያለቀሱም እየሳቁም። «የትኛው ጫማ ለማን እንደሚሰጥ። አንዱንም ሳትረሳ።» ጠዋት እኔ ምንም ሳልሰማ ጢሜን ልላጭ ስቀመጥ እሷ ሄዳለች።

ሐዘኑ ጋብ ሲል አቶ ዮናስ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አለ፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። «ጋሽ ሽፈራው፣ ጀማልም ሊለቅ ነው» አለኝ። «አሁንስ አልተቻለም። ‹ሰው ጥራ›ን አሳጥሬዋለሁ። እሷ ትሠራ እንደነበረው በእርስዎ ይፈተን ብዬ ነው።»

ወረቀቱን አነበብኩት፦ «ደዋዩ አስቸኳይ ሁኔታ ላይ መሆኑን በግልጽ ሲናገር፣ እንደ አስፈላጊነቱ፣ ጥሪውን ለተረኛ ያስተላልፋል።»

በሌላ ቀን ቢሆን ሳምቡሳ አስገዛው ነበር። ያን ቀን ግን ሌላ ተንኮል መጣብኝ። ተንኮል እንኳን አትበሉት፤ ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረኝም።

«እሺ። በእሷ ደንብ ከሆነ ግን በእውነተኛ ድምፅ ነው የሚፈተነው» አልኩት።

«ብዙ የተቀዳ አለ። የትኛውን?»

«የራሷን። ያን ቀን የደወለችውን።»

አቶ ዮናስ እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣ።

«ሰምተኸዋል?» አልኩት።

«አልቻልኩም።»

«እኔም አልሰማሁም። እናቷን አዴ ፋጡማን ጠይቄያለሁ፣ ስሙት ብለውኛል።»

ወንበሬን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። አጭሩን ወረቀት ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። እሱ ከኋላዬ ከፈተው።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች። ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው። «ደህና ዋልክ? ደህና ነህ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ማሽኑ ቀፊራን አያውቅም፣ ፀሐይ አያውቅም ስትለኝ የከረመችው ሴት ማሽኑን «ደህና ነህ?» ትለዋለች! ረዳቱም ደህና መሆኑን ነገራት።

«አልሀምዱሊላህ። እኔም ደህና ነኝ። ምንም አይደል፣ ትንሽ…» ቆመች። መተንፈሷ ይሰማል። «ትንሽ ደክሞኝ ነው። እናቴ ቀፊራ ሄዳለች። አታስቡ።»

አቶ ዮናስ እዚያ ላይ አቆመው። ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። ወጥመዱን የዘረጋሁት ለእሱ ነበር፤ የተያዝኩት ግን እኔ ነኝ። እግሬ ተነሥ ተነሥ ይለኛል፤ በሩን በርግጄ፣ በእርጅናዬ እየሮጥኩ፣ እዚያ በር ሥር ልደርስላት። ግን ማሽኑ ነኝ። ወረቀቱ ያላለኝን አላውቅም። ወረቀቱን በጣቴ እየተከተልኩ ቃል በቃል አነበብኩት።

«አልጠራም» አልኩ።

«ምን?»

«በዚህ ወረቀት አልጠራም። አስቸኳይ ነው ብላ በግልጽ አልተናገረችም። ደህና ነኝ ብላለች። መልካም ቀን ተመኝቼላት እዘጋለሁ።»

ውጪ ባጃጅ ጡሩምባ ነፍቶ አለፈ። ሰሚራ ካሠራችኝ ሥራ ሁሉ ያን ሰዓት ወንበሩ ላይ መቀመጥ ነው የከበደኝ።

ብዙ ቆይቶ የወንበር መጎተት ሰማሁ። አቶ ዮናስ እጁን በትከሻዬ ላይ አሳልፎ አጭሩን ወረቀት ከጭኔ አነሣው፤ በምትኩ የእሷን ረጅሙን አስቀመጠ። «ያንብቡልኝ» አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «ከመጀመሪያው፣ ጮክ ብለው።»

አነበብኩለት። እያንዳንዱን «ጥራ» ሳልዘል፣ ሳልቸኩል፣ ግድግዳውን እያየሁ። ስጨርስ ስልኩን አንሥቶ ለአንድ ሰው «ሁለት ተረኛ እንቀጥራለን፤ ማስታወቂያው ዛሬ ይውጣ» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ወደ እኔ መለስ ብሎ «ጽሑፉ እንዳለ ይቆያል» አለኝ። «ጋሽ ሽፈራው፣ አሁን መዞር ይችላሉ።»

«እሺ» አልኩት። ለመዞር ግን ጊዜ ወሰደብኝ።